ነጠላ፣ ጋቢ፣ ፍሊስ፣ ባና፣ ደበሎ፦ የትኛው ሙቀት ይይዛል? የስድስት ጣሳ ፍተሻ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ዕቃ ማሰባሰብና የመጀመሪያው ስህተት

የምንፈልገው ለድስት መጠቅለያ የሚሆን ጨርቅ ነው። ከእሳት የወረደ ድስት ተጠቅልሎ አራት ሰዓት ያህል ትኩስ ሆኖ እንዲቆይ። «ባና ይሞቃል፣ ነጠላ አይሞቅም» ማለት ብቻውን አይበቃም። በስንት ዲግሪ ይበልጣል? ስንት ግራም ይፈጃል? ስንት ብር ያስወጣል? መስፋት ከመጀመራችን በፊት እነዚህ መታወቅ አለባቸው።

መፈተሻው ስድስት አንድ ዓይነት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው፤ ከምግብ ቤት በነፃ የተገኘ፣ አፉ 7.3 ሴ.ሜ.፣ ቁመቱ 11 ሴ.ሜ.። የወረቀት ማስታወቂያው በሙቅ ውሃ ተልጧል። ለመለኪያ ሰባት ዲኤስ18ቢ20 የሚባሉ ውሃ የማያስገቡ የሙቀት ሴንሰሮች (ስድስቱ ለጣሳዎቹ፣ ሰባተኛው ለክፍሉ አየር)፣ አንድ አርዱኢኖ ኡኖ (የሴንሰሮቹን ንባብ የሚቀበል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ)፣ እስከ 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን። ሴንሰሩ አንዱ 400 ብር፣ አርዱኢኖው 1,800 ብር ወጥቶበታል። በአንድ ዕቃ ዋጋ ከሁሉም ውድ የሆነው አርዱኢኖው ነው። ኤሌክትሮኒክስ ለማይፈልግ ሰው ስድስት የአልኮል ቴርሞሜትርና አንድ ሰዓት ይበቃል፤ በየአምስት ደቂቃው እየተነሳ መጻፍ ግን ይኖርበታል።

ሰባቱም ሴንሰሮች በአንድ የዳታ ሽቦ ላይ ይሰካሉ። በዳታውና በ5 ቮልቱ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መግባት አለበት። እሱ ከሌለ ንባቡ ወይ አይመጣም ወይ ይቆራረጣል።

ካሊብሬሽን (የሴንሰሮቹን ንባብ ማስተካከል)፦ በረዶ ሰባብረን ከጥቂት ውሃ ጋር ፔርሙዝ ውስጥ ጨመርን፣ ሰባቱን ሴንሰሮች አንድ ላይ አስረን ነከርናቸው፣ 10 ደቂቃ ቆዩ። ሁሉም 0 ማሳየት ነበረባቸው፤ ያሳዩት ከ−0.3 እስከ 0.4 ነው። አምራቹ ራሱ ±0.5 ዲግሪ ሊዛባ ይችላል ስለሚል ሴንሰሮቹ አልተበላሹም። ነገር ግን በሁለት ጨርቆች መካከል የሚኖረው ልዩነት አንድ ዲግሪ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የእያንዳንዱን መዛባት የአርዱኢኖው ኮድ ውስጥ አስገብተን አስቀነስን። የሚፈላ ውሃን 100 ዲግሪ ነው ብሎ ማስተካከል እዚህ አይሠራም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ግድም ላይ ነው። 100ን ይዞ የተነሳ ሰው ደህናውን ሴንሰር ያበላሻል።

የመጀመሪያው ሙከራ ያለ ክዳን ተደረገ። ጣሳዎቹን በየጨርቁ ጠቅልለን ሙቅ ውሃ ሞላን፣ አንድ ሰዓት ቆየን። ውጤቱ ግራ አጋቢ ነበር፦ ሁሉም ጣሳዎች እርስ በርስ ተቀራርበው ቀዘቀዙ፤ ባና ከነጠላ የተሻለው በትንሹ ብቻ ነው። ጣሳዎቹን ስንመዝን ምክንያቱ ታወቀ። ከእያንዳንዱ 11 ግራም ገደማ ውሃ ተንኖ ሄዷል። አንድ ግራም ውሃ ሲተን 2.3 ኪሎ ጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ 11 ግራም ማለት ለ350 ግራም ውሃ 17 ዲግሪ መውረድ ነው። ሙቀቱ በአፍ እየወጣ ሳለ በጎን ያለው ጨርቅ ምን ሊያደርግ ይችላል?

መፍትሔው ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የወጣ 3 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው ነጭ ፎም ነው። ለእያንዳንዱ ጣሳ አንድ ክዳንና አንድ መቀመጫ በቢላ ተቆረጠለት። መቀመጫው አስፈላጊ ነው፤ ጣሳው በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ሙቀቱ ከታች ይጠጣል። ክዳኑ መሃል ላይ በምስማር ተበስቶ ሴንሰሩ አለፈበት።

ሳምንት 2፦ 85.0 እና ራቁቱ ጣሳ

ሁለት ችግሮች በአንድ ሳምንት ገጠሙን። ሁለተኛው ከጠቅላላው ሥራ ሁሉ ብዙ ያስተማረ ነው።

አንደኛው የሴንሰር ነው። አራተኛው ጣሳ ሲጀምር 85.0 አነበበ። የፈላ ውሃ ተቀድቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ 85 መሆኑ ያስኬዳል፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም። በ27ኛው ደቂቃ ሌሎቹ 65 አካባቢ ሲሆኑ እሱ እንደገና 85.0 ብሎ ቀጥሎ 64.8 አለ። ይህ ሴንሰር ኃይል ተቋርጦበት ሲመለስ፣ መለካት እስኪጨርስ ድረስ የሚሰጠው ቁጥር 85 ነው። የውሃው ሙቀት ሳይሆን የሴንሰሩ መነሻ ቁጥር ነው። ጥፋቱ ብሬድቦርዱ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ላልቶ የተሰካ ቀይ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ሽቦዎቹ ሁሉ በብየዳ ተያያዙ፣ ኮዱም ልክ 85.0 ያለ ንባብንና −127 ያለ ንባብን (ይህኛው ሴንሰሩ ጨርሶ ሲጠፋ የሚመጣ ነው) እንዲጥል ተደረገ።

ከሴንሰሩ ጋር የሚያያዘው ሌላ ጉዳይ አቀማመጡ ነው። ሙቅ ውሃ ወደ ላይ ስለሚወጣ የጣሳው ታች ከላዩ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሴንሰሩ የጣሳውን ግድግዳ ከነካ ደግሞ ሌላ ያነባል። እያንዳንዱን ሴንሰር በቀጭን እንጨት አስረን፣ ጫፉ ከታች 5 ሴ.ሜ. ላይ፣ ልክ መሃል እንዲንጠለጠል አደረግን።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ተወሰነ። ውሃው 350 ግራም በሚዛን ይለካል። በሚሊ ሊትር አይደለም፤ የ80 ዲግሪ ውሃ 350 ሚ.ሊ. ክብደቱ 340 ግራም ብቻ ነው። ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው እያንዳንዱ ጣሳ 75 ዲግሪ ሲደርስ ነው፣ ምክንያቱም ስድስቱን ቀድቶ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። በጣሳዎቹ መካከል 20 ሴ.ሜ. ይተዋል። ክፍሉ ማታ፣ መስኮትና በር ተዘግቶ፣ 19 ዲግሪ ላይ ነው። የሚመዘገበው ከ60 ደቂቃ በኋላ ያለው ሙቀት ነው። እያንዳንዱ ጨርቅ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ጣሳና በሦስት የተለያየ ቦታ ይፈተሻል።

ከዚያ ዋናው ሙከራ ተደረገ፤ ሁለተኛው ችግር የመጣው እዚህ ነው። ምንም ያልለበሰው ጣሳ 57.5 ላይ ቆመ። ጋቢ የለበሰው 55፣ ነጠላ የለበሰው 49.5። ደገምነው፤ ያው ሆነ። ጣሳ ቀየርን፤ ያው ነው። ራቁት ጣሳ ጋቢ ከለበሰው በላይ ሙቀት ያዘ።

ይህ የመለኪያ ስህተት አይደለም። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ሙቀትን በጨረር መልክ የሚለቀው እጅግ በትንሹ ነው። ጨርቅ፣ ቀለም፣ ቆዳ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ አቅማቸው ይለቃሉ። ነጭ ይሁን ጥቁር ልዩነት የለውም፤ በዚህ ሙቀት ላይ ያለው ጨረር ለዓይን የሚታየው ዓይነት አይደለም። በእኛ ጣሳ መጠን ከጎን የሚወጣው ሙቀት ግማሽ ያህሉ በአየር፣ ግማሽ ያህሉ በጨረር ነው። ነጠላው የሚያብረቀርቀውን ቆርቆሮ ሸፍኖ የጨረሩን በር ከፈተ፤ ውፍረቱ ደግሞ የከፈተውን ለማካካስ አልበቃም። ካውንት ራምፎርድ የሚባለው ቤንጃሚን ቶምፕሰን በ1804 ለሎንዶኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ላይ ይህንኑ አሳይቷል፦ የተወለወለ የናስ ዕቃ የበፍታ ጨርቅ ሲለብስ ካልለበሰው ቀድሞ ቀዘቀዘ።

ሰው ቆዳው አያብረቀርቅም፤ ጥላሸት የጠገበ ድስትም እንደዚሁ። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ጣሳን መነሻ አድርጎ ጨርቅ ማወዳደር ሁሉንም ጨርቅ ያለአግባብ ያሳንሳል። ስድስቱም ጣሳዎች በማያብረቀርቅ ጥቁር ስፕሬይ ተቀቡ። ራቁቱ ጥቁር ጣሳ ከ60 ደቂቃ በኋላ 46 ዲግሪ ሆነ። ከ57.5 ወደ 46 ያወረደው ቀለም ብቻ ነው።

ሳምንት 3፦ ጨርቆቹ እንደመጡ

ነጠላውና ጋቢው ከሽሮ ሜዳ፣ ባናው ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ፣ ፍሊሱ (ለስላሳ የፖሊስተር ጨርቅ) ከሰልባጅ ጃኬት የተቆረጠ፣ ጂንሱ ከአሮጌ ሱሪ። ጋቢው አራት እጥፉን እንደያዘ ነው።

የለስላሳ ጨርቅ ውፍረት በካሊፐር አይለካም፤ ካሊፐሩ ይጨፈልቀዋል። ጨርቁን 10 ጊዜ ደራርበን፣ ከላይ 10 በ10 ሴ.ሜ. የሆነ መስታወት አስቀምጠን፣ አንድ ላይ 100 ግራም እንዲመዝን አደረግን። ከዚያ የክምሩን ቁመት በማስመሪያ ለክተን ለ10 አካፈልን። ክብደቱ ሁልጊዜ አንድ መሆኑ ነው ዋናው።

ከ60 ደቂቃ በኋላ፣ መነሻው 75፣ ክፍሉ 19፦

ራቁት ጥቁር ጣሳ — 46
ጂንስ፣ 1 ሚ.ሜ. — 49
ነጠላ፣ 0.8 ሚ.ሜ. — 49.5
ጋቢ፣ 3 ሚ.ሜ. — 55
ፍሊስ፣ 3 ሚ.ሜ. — 56
ባና፣ 5 ሚ.ሜ. — 59

እዚህ ቁጥር ላይ ከመድረሳችን በፊት ሁለት ሙከራ ተጥሏል። በመጀመሪያው ጨርቆቹን በአራት አራት ላስቲክ አጥብቀን አሠርናቸው። ባናው 56.5 ብቻ አመጣ። ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ላይ ባናው ከ5 ሚ.ሜ. ወደ 2 ሚ.ሜ. ተጨፍልቆ፣ በጣት ሲነካ ያ መስመር ከሌላው ይልቅ ይሞቅ ነበር። ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ሁለተኛው የተቃራኒው ስህተት ነው፦ ጋቢውን እንደ እጅጌ አስፍተን ሰፍተን ከላይና ከታች ክፍት ተውነው። አየር ከታች ገብቶ፣ በጣሳውና በጨርቁ መካከል ሞቆ፣ በላይ ወጣ። የጋቢው ውጤት 52 ላይ ወረደ። አሁን እያንዳንዱ ጨርቅ በጣሳው ልክ እንደ እጅጌ ተሰፍቶ፣ ሳይጨፈለቅ፣ የላይና የታች ጠርዙ ብቻ በክር ይታሰራል።

ዲግሪው ለዚህ ጣሳ ብቻ የሚሆን ቁጥር ነው። ከሌላ ጋር ለማወዳደር ወደ ሙቀት መቋቋም መለወጥ አለበት። አሠራሩ ይኸው፦ የውሃውና የጣሳው ሙቀት የመያዝ አቅም 1,490 ጁል በዲግሪ ነው። እሱን ለ3,600 ሰከንድ አካፍሎ፣ ውሃው ከክፍሉ ጋር ባለው የመነሻና የመጨረሻ የሙቀት ልዩነት ጥምርታ ናቹራል ሎጋሪዝም ማባዛት ነው። ለጋቢው ልዩነቱ ከ56 ወደ 36 ወርዷል፤ ውጤቱ 0.18 ዋት በዲግሪ ይሆናል። ከዚህ ላይ በፎሙ የሚያልፈው 0.01 ይቀነሳል። የጣሳው ጎን ስፋት 0.0252 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ስፋቱን ለቀረው 0.17 ስናካፍል ጠቅላላ መቋቋሙ 0.148 ካሬ ሜትር-ዲግሪ በዋት ይመጣል። ራቁቱ ጥቁር ጣሳ በዚሁ ስሌት 0.087 ነው፤ ይህ ከጣሳው ውጭ ተጣብቆ የሚቆየው ቀጭን አየር የሚሰጠው ነው። ልዩነቱ፣ 0.06 ገደማ፣ የጋቢው የራሱ ነው።

የልብስ ሙቀት የሚለካበት ክሎ የሚባል መስፈሪያ አለ፤ በ1941 የወጣ ሲሆን 1 ክሎ ማለት በዚሁ መለኪያ 0.155 ነው። ጋቢው 0.4 ክሎ፣ ፍሊሱ 0.45፣ ባናው 0.7 ግድም ሆነ። ጋቢ ሲደረብና ሲታጠፍ እጥፍ ይሆናል። ማታ ትከሻ ላይ ሁለት ጊዜ ተጣጥፎ የሚጣልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሳምንት 4፦ እኩል ውፍረት

ከላይ ያለው ዝርዝር የጨርቅ ውድድር ይመስላል፤ ግን የውፍረት ውድድር ነው። ባና ያሸነፈው የበግ ፀጉር ስለሆነ ነው ወይስ 5 ሚ.ሜ. ስለሆነ? ይህን ለመለየት ሁሉም 10 ሚ.ሜ. እስኪሞሉ ድረስ ተደራረቡ፦ ነጠላው 12 ዙር፣ ባናው 2 ዙር፣ ሌሎቹም እንደየውፍረታቸው።

ውጤቱ፦ ነጠላ 62.5፣ ጋቢ 62.5፣ ባና 63.5፣ ፍሊስ 64፣ ጂንስ 60.5። ጂንስን ካወጣነው በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው፤ ሦስቱ ድግግሞሾች እርስ በርሳቸው የሚለያዩትም ከዚህ ብዙም አያንስም። ጥጥ፣ ፀጉር፣ ፖሊስተር ሁሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ አየሩን አስረው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ። የቆመ አየር ከየትኛውም ክር ይልቅ ሙቀት አያሳልፍም። ጂንስ ወደ ኋላ የቀረው ክሩ ተጠምዝዞ፣ ድርና ማጉ ተጠቅጥቆ፣ ለአየር ቦታ ስላጣ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በሚዛን ነው። ያንኑ 10 ሚ.ሜ. ለመሙላት ፍሊስ 24 ግራም፣ ጋቢ 37፣ ነጠላ 43፣ ባና 49፣ ጂንስ 118 ግራም ፈጁ። አንድ ዓይነት ሙቀት ለማግኘት ከፍሊሱ ጂንሱ አምስት እጥፍ ይከብዳል። ለድስት መጠቅለያ ክብደቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ለሚሸከመው ሰው ልብስ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንድ የጎን ሙከራ፦ ለዓመታት የተለበሰ ጋቢ ውፍረቱ 2.1 ሚ.ሜ. ነበር። ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በደንብ ተራግፎ ሲለካ 2.7 ሆነ፤ በጣሳው ላይም አንድ ዲግሪ ጨመረ። ጋቢን ማራገፍ አቧራ ለማውጣት ብቻ አይደለም።

ደበሎም በዚህ ሳምንት ተፈተሸ። የቆሎ ተማሪ የሚለብሰው ፀጉሩ ያልተነሳለት የበግ ቆዳ ነው። የፀጉሩ ርዝመት 25 ሚ.ሜ.። ፀጉሩ ወደ ጣሳው ዞሮ 67 ዲግሪ ያዘ፤ ከፈተሽናቸው ሁሉ የሚተካከለው የለም። በደጋ ብርድ ደጅ ለደጅ የሚውል ተማሪ ይህን መልበሱ ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ሳምንት 5፦ ነፋስ

እስካሁን ክፍሉ ዝግ ነበር። አሁን የጠረጴዛ ቬንቲሌተር ከጣሳዎቹ 1 ሜትር ላይ ተቀመጠ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት። ስድስቱን ጣሳ በአንድ ረድፍ መደርደር ስህተት ነበር፤ መሃል ያሉት ከዳር ካሉት የበለጠ ነፋስ ያገኛሉ። አንድ በአንድ፣ ያው ቦታ ላይ እየተቀያየሩ ተፈተሹ። ሦስት ቀን ፈጀ።

ጋቢ ከ55 ወደ 43 ወረደ። ፍሊስ ከ56 ወደ 44። ባና ከ59 ወደ 50፤ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለታተመ ነፋስ በቀላሉ አያሳልፍም። ጋቢና ፍሊስን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ይበቃል። በክሮቹ መካከል ብርሃን ይታያል፤ ብርሃን ባለፈበት ነፋስም ያልፋል፣ የታሰረውንም አየር ጠርጎ ይወስዳል።

ቀጥሎ የተሞከረው የተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ ነው፣ ዋጋው ዜሮ። በጋቢው ላይ አንድ ዙር ሲደረብ ውጤቱ ከ43 ወደ 48.5 ከፍ አለ። ጨርቁ ራሱ ውፍረቱ ከወረቀት አይበልጥም፤ ብቻውን ሲፈተሽ ሙቀት አይይዝም። ሥራው የጋቢውን አየር መጠበቅ ነው። ከውጭ መሆን አለበት፤ ከጋቢው ሥር ስናደርገው የረባ ለውጥ አልመጣም።

ደበሎ ፀጉሩ ወደ ውስጥ፣ ቆዳው ወደ ውጭ ሲሆን በነፋስ ውስጥም 64 ያዘ። ተገልብጦ ፀጉሩ ወደ ውጭ ሲሆን 58። ቆዳው እንደ ጃንጥላው ጨርቅ ነፋስ ይከለክላል፣ ፀጉሩ አየር ያስራል። በአንድ ዕቃ ሁለቱም አለ።

በዚሁ ሳምንት አልሙኒየም ፎይልም ተሞከረ፤ የሚያብረቀርቀው ጎን ወደ ውጭ ሆኖ በጋቢው ላይ ላላ ተደርጎ። በዝግ ክፍል ጋቢው ከ55 ወደ 61 ወጣ፤ ከባና በለጠ። ጨረሩን ስለዘጋ ነው። ፎይሉ ላይ ሌላ ጨርቅ ሲደረብ ግን ጥቅሙ ጠፋ። ፎይል እንዲሠራ ፊቱ አየር ማግኘት አለበት፤ በሁለት ጨርቅ መካከል የተጨፈለቀ ፎይል ምንም አይፈይድም። ለዚህ ነው በኋላ መጠቅለያው ውስጥ ያላስገባነው።

ሳምንት 6፦ እርጥብ ጨርቅ

ጨርቆቹ ተነከሩ፣ በእጅ ተጨመቁ፣ 10 ደቂቃ ተሰቀሉ፣ ተመዘኑ። ጋቢው 15 ግራም ውሃ ይዞ ቀረ፣ ባናው 26፣ ፍሊሱ 5 ብቻ። ከ60 ደቂቃ በኋላ ፍሊስ 50፣ ጋቢ 39፣ ባና 36። ደርቆ አንደኛ የነበረው ባና ረጥቦ መጨረሻ ወጣ፣ ራቁት ጣሳ እንኳ 46 ይዞ ሳለ።

ይህ ግን ለባና ፍትሐዊ አይደለም። በሌላ ዙር ለሁሉም እኩል 10 ግራም ውሃ ተረጨላቸው፦ ፍሊስ 44፣ ጋቢ 43፣ ባና 47። ውሃው እኩል ሲሆን ባናው ቦታውን ያዘ። ማለትም የሚያቀዘቅዘው የክሩ ዓይነት ሳይሆን የተሸከመው ውሃ መጠን ነው፤ እያንዳንዱ ግራም ሲተን ከጣሳው 1.5 ዲግሪ ያህል ይነጥቃል። በዚያ ላይ ውሃ ከቆመ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋል፤ በክሮቹ መካከል አየሩን ተክቶ ሲቀመጥ ጨርቁ መከላከያነቱ ይቀራል።

የበግ ፀጉር ሲረጥብም ይሞቃል የሚባለው ከየት መጣ? ፀጉር በመደበኛ የአየር እርጥበት የክብደቱን 16 በመቶ ያህል ውሃ በክሩ ውስጥ ይይዛል፤ ጥጥ 8 በመቶ ገደማ፣ ፖሊስተር ከግማሽ በመቶ በታች። ስለዚህ ላብና ካፊያ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ በክሮቹ መካከል ያለውን አየር አይተካም። ለካፊያ አባባሉ እውነት ነው። ዶፍ ወርዶበት ለተነከረ ባና ግን አይሠራም።

አንድ ገደብ መታወቅ አለበት፦ መነሻችን 75 ዲግሪ ስለሆነ ትነቱ ከሰው ገላ ይልቅ እጅግ ይፈጥናል። የእርጥብ ጨርቅ ቁጥሮች ለልብስ በቀጥታ አይወሰዱም፤ ለድስት መጠቅለያ ግን ልክ ናቸው።

ሳምንት 7 እና 8፦ መጠቅለያው

ምርጫው ፍሊስ ሆነ። ባና በነፋስ ይበልጣል፣ ድስቱ ግን ቤት ውስጥ ነው። ለባለ 3 ሊትር ድስት ዙሪያውን፣ ከታችና ከላይ 3 ሴ.ሜ. ለመሙላት 500 ግራም ፍሊስ ያስፈልጋል። ከሰልባጅ ሦስት ጃኬት በ250 ብር፣ በጠቅላላው 750 ብር። በአዲስ ጋቢ ቢሞላ ዋጋው ከዚህ እጅግ ይበልጣል፣ ክብደቱም 750 ግራም ይደርሳል። የውስጥ ልባሱ አቡጀዲ (ይታጠባል፣ ትኩስ ድስት ሲነካው አይቀልጥም፤ ፖሊስተር ግን ከምድጃ የወረደ ብረት ከነካው ይቀልጣል)፣ የውጩ የጃንጥላ ጨርቅ።

የመጀመሪያው መጠቅለያ አፉ በገመድ የሚጠበብ ከረጢት ነበር። 3 ሊትር ውሃ በ90 ዲግሪ ገብቶ ከአራት ሰዓት በኋላ 66 ሆነ። በሒሳብ 75 መሆን ነበረበት። እጅ ሲጠጋ አፉ ላይ ሙቅ አየር ይወጣል፤ የላይኛው ፍሊስም ከክዳኑ በወጣ እንፋሎት እርሷል። የሳምንት 1 እና የሳምንት 6 ስህተቶች አንድ ላይ ማለት ነው።

ማስተካከያ፦ አፉ ቀርቶ ለብቻው የተሰፋ ወፍራም ክብ ትራስ ተሠራ፣ ከዙሪያው 5 ሴ.ሜ. እንዲወርድ ተደርጎ። ድስቱ ክዳን ላይ መጀመሪያ ንጹሕ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ትራሱ። ውጤቱ 73 ዲግሪ። ፕላስቲኩ እንፋሎቱን ስላስቀረ ትራሱ ደረቅ ወጣ።

ድስቱ ግማሽ ብቻ ሲሞላ ከአራት ሰዓት በኋላ 61 ሆነ። የሚያመልጠው ሙቀት ያው ነው፣ የሚያመልጥበት ውሃ ግን ግማሽ ነው። ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች ለሰዓታት መቀመጥ ስለሌለበት፣ ግማሽ ድስት ከሦስት ሰዓት በላይ አይቆይም።

ድፍን ምስር 15 ደቂቃ ፈልቶ ሲገባ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በስሎ ወጣ። ቀይ ቦሎቄ አይገባም፤ ጥሬው ውስጥ ያለው መርዛማ ሌክቲን በ75 ዲግሪ አይጠፋም። አስቀድሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በኃይል መንተክተክ አለበት።

ከሁለት ሳምንት አገልግሎት በኋላ የጎኑ ውፍረት ከ30 ሚ.ሜ. ወደ 24 ወርዷል። ፍሊሱ በክብደቱ ወደ ታች ተንሸራቶ ከላይኛው ጠርዝ አካባቢ ባዶ ቦታ ተፈጥሯል። ልባሱ ተፈትቶ፣ ፍሊሱ እንደገና ተነፍቶ፣ በ8 ሴ.ሜ. ርቀት ላላ ባለ ስፌት እየተወጋ ነው። ስፌቱ ከጠበቀ በየመስመሩ ላስቲኩ በባናው ላይ ያደረገውን ይደግማል፤ ስለዚህ መርፌው በገባበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ 20 ሚ.ሜ. ውፍረት እንዲቀር በማስመሪያ እየተለካ ይሰፋል።